ሮቦቴን ይዤ ኮተቤ

በተለመደው የተኩስ ጨዋታ ሞት ድንገት ነው። ከጥግ ብቅ ስትል ያላየኸው ሰው ግንባርህን ይልሃል፤ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ምን እንደ መታህ ሳታውቅ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ሰው ውስጡ ገብቶ የሚነዳው፣ በሁለት እግሩ የሚሄደው ግዙፍ የጦር ሮቦት፣ ተጫዋቾቹ «ሜክ» የሚሉት፣ እንዲህ አይሞትም። መጀመሪያ የትከሻው ብረት ይላጣል። ቀጥሎ ክንዱ ከነመድፉ ተገንጥሎ ይወድቃል። አንድ እግሩ ይመታና ያነክሳል። ሰውነቱ እየጎደለ፣ እየጋለ፣ እየጨሰ ይቀጥላል። በዚያ መካከል ነጂው ያስባል፣ ያፈገፍጋል፣ ጓደኛ ይጠራል፤ አንዳንዴም በቀረችው አንዲት መሣሪያ ጨዋታውን ይገለብጠዋል። እኔን ለዓመታት ይዞ ያቆየኝ ይህ ነው። ሜክ ቀስ ብሎ ስለሚሞት ጓደኛ ሊደርስለት ጊዜ አለው።

ሜክን መጀመሪያ ያየሁት ገርጂ፣ ሰፈራችን ካለች ጌም ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ ገመዳቸው በፕላስተር የተጠገነ ጆይስቲኮች፣ ፕሌይስቴሽን ቱ። ሁሉም የሚጫወተው ኳስ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፤ ተራ የሚጠብቀው ልጅ ከኋላ ሆኖ ወንበርህን በጉልበቱ ይነቀንቃል። ከዲስኮቹ መሀል በማርከር «ሮቦት» ተብሎ የተጻፈበት አንድ ነበር። ባለቤቱን «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ክፈትልን» ስንለው «እሷ ሰዓት ትበላለች፤ ትከፍላላችሁ?» አለን። እንከፍላለን አልን። አርመርድ ኮር 3 ነበር።

ያን ቀን እምብዛም አልተኮስንም። ጨዋታው ከውጊያው በፊት ጋራዥ ያስገባሃል። ራሱን፣ ደረቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን፣ ጀነሬተሩን፣ ማቀዝቀዣውን አንድ በአንድ መርጠህ ትገጥማለህ። ከባድ መድፍ ከጫንክ እግሩ አይችለውም፤ እግሩን ካጠነከርክ ጀነሬተሩ አይበቃውም፤ ጀነሬተሩን ካሳደግክ ደግሞ ይግላል። የሰፈሬ ልጅ ሁለት እግሩን ትቶ የታንክ ሰንሰለት ገጠመ፤ እኔ ቀጭንና ፈጣን ሠራሁ። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ልንጋጠም ስንል የከፈልነው ሰዓት አለቀ፤ ከኋላችን የቆሙት ልጆችም ኳሳቸውን ፈለጉ። ሌሊቱን አልጋዬ ላይ ሆኜ ክብደት ስደምርና ስቀንስ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተኩስ ጨዋታ ተጫውቻለሁ፤ ስለ አንድ ጠመንጃ እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁበት ግን የለም።

አርመርድ ኮርን የሚሠራው የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ በኤልደን ሪንግ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን አርመርድ ኮር ለፕሌይስቴሽን ያወጣው ግን በ1997 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ከአሥር ዓመት ዝምታ በኋላ በ2023 ስድስተኛውን ሲያወጣ ጋራዡ እንዳለ ነበር። ያው የክብደት ሒሳብ፣ ያው እንቅልፍ ማጣት። ደስ አለኝ።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና፣ ይህ «በየአካሉ የመሞት» ሐሳብ የመጣው ከኮምፒውተር አይደለም፤ ከወረቀትና ከእርሳስ ነው። ፋሳ የሚባል የቺካጎ ድርጅት በ1984 ባትልድሮይድስ የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ አወጣ። «ድሮይድ» የሚለውን ስም የስታር ዋርስ ባለቤቶች የእኛ ነው ስላሉ በኋላ ባትልቴክ ተባለ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ሜክ የራሱ ወረቀት አለው። ወረቀቱ ላይ የሮቦቱ ሰውነት ተስሏል፤ ራሱ፣ ደረቱ፣ ጎንና ጎኑ፣ ክንዶቹ፣ እግሮቹ በትናንሽ ባዶ ክቦች ተሞልተዋል። ስትመታ ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ቁጥሩ የተመታኸው የት እንደ ሆነ ይነግርሃል፤ አንተም በዚያ አካል ላይ ያሉትን ክቦች በእርሳስ ታጠቁራለህ። የአንድ አካል ክቦች ሲያልቁ ያ አካል የለም። ዳር ላይ ደግሞ የሙቀት መለኪያ አለ። ብዙ ከተኮስክ ሜኩ ይግላል፤ ከጋለ ይንቀረፈፋል፤ ከዚያም ካለፈ ሞተሩ ጠፍቶ ጠላት ፊት ይገተራል። ያቺን ወረቀት የሠሩ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ከእነሱ በኋላ የመጡት ጨዋታዎች ሁሉ እዚያ ያሉትን ክቦች ነው በብርሃንና በድምፅ ያሳመሩት።

እነዚሁ ሰዎች በ1990 እዚያው ቺካጎ ባትልቴክ ሴንተር ብለው አንድ ቤት ከፈቱ። ተጫዋቹ ብቻውን የሚገባባት፣ በሯ የሚዘጋ፣ ዙሪያዋን በቁልፍና በስክሪን የተሞላች ሳጥን ነበረች፤ ሳጥኖቹ በገመድ ተያይዘው ነበር፤ በሌላኛው ሳጥን ያለው ሰው ጠላትህ ነበር። ኢንተርኔት በየቤቱ ሳይገባ በፊት መሆኑን አስቡት። ከዚሁ ከባትልቴክ የተወለደው፣ ሜክዋሪየር የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ በ1989 ወጥቶ ነበር፤ ሁለተኛው በ1995 ሲመጣ ዓለምን አዳረሰ። የዛሬው ሜክዋሪየር ኦንላይን፣ እኔ ኮምፒውተር የተሸከምኩለት፣ የእነዚያ ልጅ ነው። የሠራው የካናዳው ፒራንያ ጌምስ ነው፤ በይፋ የወጣው በ2013 ነው፤ አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት ይጋጠሙበታል።

ወደ ኮተቤው ነገር ልግባ።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ሜክዋሪየርን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ደግሞ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች ጋር አገናኘኝና ቡድን ሆንን። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት እሱ ዘንድ እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ለሁላችንም ይመቻል። የሐምሌ ቅዳሜ ነበር፤ ከሌላ ቡድን ጋር ቀጠሮ ይዘናል። ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈራችን ውስጥ ትራንስፎርመር ጮኸና መብራት ሄደ። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ምሰሶውን አየ፤ የሚያውቁትም «ይሄ ዛሬ አይመጣም» አሉ። አሥራ ሁለት ሰው ሲጠበቅ አንድ ከጎደለ ቡድኑ በአንድ ሜክ አንሶ ነው የሚገባው። ለአክስቴ ደወልኩ። ኮተቤ መብራት አለ።

ኮምፒውተሬ ዴስክቶፕ ነው። ስክሪኑን ትቼ ኬዙን በጋቢ ጠቀለልኩት፤ ኪቦርዱን፣ ማውሱንና ሄድፎኑን በቦርሳ ያዝኩ። ዝናቡ ስለጣለ ራይድ የሚመጣ ጠፋ። ሚኒባስ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ደግሞ ወደ ኮተቤ። በሁለተኛው ላይ ረዳቱ ኬዙን አይቶ፣

«ወንድሜ፣ ይሄ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል። የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው» አለኝ።

«ጭኔ ላይ ነው የማስቀምጠው።»

«ጭንህ ላይ ብታስቀምጠውም እግርህን ታንፈራጥጣለህ እኮ፤ እማማ የት ይቀመጡ?»

እውነቱን ነው፤ ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጋቢውን ገለጥ አድርገው ሊያዩ ሞከሩና «የኔ ልጅ፣ ሕፃኑ ታሞ ነው?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ኮምፒውተር ነው» አልኳቸው። «ታዲያ እንዲህ ያቀፍከው?» አሉና፣ በመስኮቱ ጠርዝ የሚገባው ውሃ እንዳይነካው ጃንጥላቸውን አጥፈው ከጎኑ ሸጎጡልኝ። ለትምህርት ነው ወይ ሲሉኝ ለጨዋታ ነው አልኳቸው። አላፈርኩም። የሚጠብቁኝ ጓደኞች እንዳሉ ነገርኳቸው። «ሰው ከጠበቀህማ መሄድ ነው» አሉ። መሄድ ነው ብለው በቅን የነገሩኝ ያን ቀን እሳቸው ብቻ ናቸው።

አክስቴ ዘንድ ስደርስ ማኅበር ነበር። ቀኑ የሚካኤል ነው። ሳሎኑ ሞልቷል፤ ዳቦው ተቆርሷል፤ ጠላው ይዞራል። አክስቴ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ምነው እንዲህ በስብሰህ? ምንድነው የተሸከምከው?»

«አክስቴ፣ ቴሌቪዥንሽን ለአንድ ሰዓት አውሺኝ። ልጅሽ እየጠበቀኝ ነው።»

«ልጄ? የት?»

«ቨርጂኒያ። በዚህ እናወራለን» አልኩና ሄድፎኑን አሳየኋት። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር ማስረዳት አላስፈለገኝም። የተቀመጡትን ሰዎች «እስቲ ለልጆቹ ቦታ ልቀቁላቸው» ብላ ራሷ ዲቫይደሩን አመጣች። ስልኬን ሲግናል የሚይዝበት መስኮት ላይ አስቀምጬ ሆትስፖት ከፈትኩ። ቡድኑ ሲገባ ሄድፎኑን ለእሷ ሰጠኋት። በመስመሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው አለ፤ አማርኛ የሚሰማው አንዱ ብቻ ነው። እሷ ግን ለሁሉም ጮክ ብላ «ልጄ፣ በልተሃል ወይ? ብርድ አለ ወይ እዚያ?» ትላለች። ሐምሌ ነው፤ ቨርጂኒያ በሙቀት ትነዳለች። «እማዬ፣ በልቻለሁ፤ አሁን ውጊያ ልንገባ ነው» አላት። «ከነማን ጋር?» አለች ደንግጣ። አስረዳናት። መርቃ መለሰችልኝ። ቡድናችን በምርቃት ገብቶ የተዋጋበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ስለ ኢንተርኔቱ አንድ ነገር ልበል፤ የሜክን ጥቅም ያየሁት በእሱ ነው። እኔ የምተኩሰው ጥይት ከኮተቤ ተነስቶ፣ ከአገር ወጥቶ፣ ባሕር ውስጥ በተዘረጋ ገመድ አውሮፓ ያለው ሰርቨር ይደርስና ይመለሳል። በስልክ ኢንተርኔት ይህ ደርሶ መልስ፣ ፒንግ የሚባለው፣ ከ200 ሚሊሰከንድ ያልፋል። በሌላው የተኩስ ጨዋታ በዚህ ፒንግ መግባት ዓይን ሸፍኖ እንደ መግባት ነው፤ ጠላትህን ሳታየው ሞተሃል። ሜክ ግን ከባድ ነው። ለመዞር ጊዜ ይፈልጋል። ሌዘሩ ሥራውን ለመጨረስ አንድ ሰከንድ ገደማ ዒላማው ላይ መቆየት አለበት። ጠላትም እንደዚያው ከባድ ነው። ክብደቱ ሁለታችንንም ስለያዘን የእኔ መዘግየት ጨዋታውን አያበላሽም። እንደኛ ከሰርቨሩ ርቆ የሚኖርን ሰው ከሌላው እኩል የሚያጫውት የተኩስ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

የምነዳው ሴንቱሪዮን ነው፤ 50 ቶን። በዚህ ጨዋታ ከ20 ቶን ሎከስት ጀምሮ እስከ 100 ቶን አትላስ ድረስ አለ። እኔ ሴንቱሪዮንን የምወደው ስለ ግራ ክንዱ ነው። መሣሪያ የለበትም፤ ጋሻ ነው። ተኩስ ሲመጣብህ ደረትህን ታዞርና ግራ ክንድህን ታስመታለህ። መድፉ ቀኝ ክንዱ ላይ ነው፤ ደረቱ መሀል ደግሞ ሁለት ሌዘሮች አሉት። ብዙ ሰው ቀላል ስለሆነ ኤክስኤል የሚባለውን ሞተር ይገጥማል፤ ያ ሞተር ግን በደረት ግራና ቀኝ ስለሚዘረጋ አንድ ጎን ከፈረሰ ሜኩ ይሞታል። እኔ መደበኛውን፣ ከባዱን እገጥማለሁ። ፍጥነት ይቀንሳል፤ ግን ሁለቱም ጎኖችህ ከነክንዶችህ ወድቀው፣ ግንድ ብቻ ሆነህ፣ በደረትህ ሌዘር እየተዋጋህ መቆየት ትችላለህ።

ከጎኔ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም «ሃምሳ አለቃ» የሚላቸው። ጠላቸውን ይዘው ቴሌቪዥኑን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና፣

«ከላይ ያለው ለብቻው ይዞራል እንዴ?» አሉ።

«አዎ ሃምሳ አለቃ። እግሩ ወደ ግራ እየሄደ ደረቱ ወደ ቀኝ ይተኩሳል።»

«ታንክ ነዋ!» አሉ፤ ወንበራቸውንም አቀረቡ። በሶማሊያው ጦርነት ጊዜ ቲ-55 ላይ ነበሩ። «እኛ አራት ነበርን። ሹፌሩ፣ ተኳሹ፣ ጥይት የሚያጎርሰው፣ አዛዡ። አንተ ማነህ?»

«ሁሉም እኔ ነኝ።»

«የሚያጎርሰውስ?»

«ራሱ ያጎርሳል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ የሚያየው ማነው? አዛዡ እኮ ሥራው ማየት ነው።» ይህን ጥያቄ ከእሳቸው በፊት ማንም አልጠየቀኝም፤ የጨዋታው ልብ ግን እሱ ነው። ብቻህን አታይም። አራት አራት ሆነን ነው የምንሄደው፤ አንዱ ያየውን ሁሉም ራዳር ላይ ያየዋል። ትንሹ ሎከስት በሩጫ ወደ ጠላት ጎን ሄዶ ያሳየናል፤ እኛ ከሩቅ እንተኩሳለን። ይህን ስነግራቸው «ይኸው፣ አራት ሆናችሁ» አሉኝ።

ሜዳው በረዶ ነበር፤ ብርድ ሜኩን ስለሚያቀዘቅዝ ሌዘር በብዛት ብትተኩስም ቶሎ አትግልም። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄድን። ከዚያ ከሕንፃዎቹ መካከል አንድ አትላስ ብቅ አለ፤ ራሱ የራስ ቅል የሚመስል መቶ ቶን። ግራ ክንዴን ሰጠሁት፤ ወደቀ። ሃምሳ አለቃ «ዙር! ዙር! ጎንህን አትስጠው!» ይላሉ። ማኅበርተኞቹም ጨዋታቸውን አቁመው ማየት ጀመሩ። አክስቴ «የትኛው ነው የኔ ልጅ?» ትላለች፤ አሳየኋት፤ ያን ሜክ እስኪያልቅ ድረስ በጣቷ ተከተለችው። ቀኝ ክንዴም ከነመድፉ ወደቀ።

በዚያ ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። በእኔ ስልክ ጥሪ ሲገባ ኢንተርኔቱ ይቆማል። ስክሪኑ ቀጥ አለ፤ ከጨዋታው ወጣሁ። የደወለው የገርጂ ጎረቤቴ ነው። «እንኳን ደስ አለህ፣ መብራት መጣ!» አለኝ።

እስክመለስ ድረስ ደቂቃዎች አለፉ። ጨዋታው ከተቋረጠብህ ሜክህ ባለበት ይቆማል፤ ካልሞተ ተመልሰህ ትገባበታለህ። በሌላ ጨዋታ ለደቂቃ የቆመ ሰው አለቀለት። ስገባ ክንዶቹ የሌሉት ሴንቱሪዮኔ እንደ ቆመ ነው፤ ከፊቱ ሁለት ሜኮች ጀርባቸውን ሰጥተውት ቆመዋል። አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሌላው ስሙን እንጂ ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው። የሚመጣውን ተኩስ እነሱ እየተቀበሉ ነበር። «መጣህ?» አለኝ የአክስቴ ልጅ፤ «ግራ ጎኑ ተላጧል፤ ሌዘርህ አለ አይደል?» አለ። አትላሱ ግራ ጎኑ ቀይ ሆኖ ውስጡ ይታያል። ሃምሳ አለቃ ተነስተው «የተላጠውን በለው!» አሉ። ሁለቱን የደረት ሌዘሮች አንድ ላይ ለቀቅኳቸው፤ አሁንም፣ አሁንም። አትላሱ ወደቀ። ሳሎኑ በእልልታ ሞላ፤ የጀመረችው አክስቴ ናት።

ተሸነፍን። የነሱ ሦስት ሜክ ሲቀር የእኛ አለቀ። ማንም ግን ቅር አላለውም።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ አለቃ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ሲመታ ልጁ በየት ነው የሚወጣው?» ታንክ ሲመታ መውጣቱ ነው ከባዱ፤ በሩ ከላይ ነው፤ ጭሱ ይቀድምሃል አሉ። በዚህኛው ጨዋታ ነጂው ሲወጣ አይታይም። በሌሎቹ ግን አለ፤ ነገርኳቸው። ካፕኮም በ2002 ለኤክስቦክስ ስቲል ባታሊየን የሚባል ጨዋታ ሲያወጣ አብሮት አርባ ያህል ቁልፍ፣ ሁለት ማንሻና ሦስት ፔዳል ያለው ትልቅ መንጃ ሸጠ። ከቁልፎቹ አንዱ ክዳን አለው፤ መውጫው ነው። ሜክህ ሊፈነዳ ሲል ክዳኑን ከፍተህ ካልመታኸው ነጂህ ይሞታል፤ እስከዚያ የተጫወትከው መዝገብም ይጠፋል። ሃምሳ አለቃ «ትክክል ሠርተዋል» አሉ። እኔም እንደሳቸው ነኝ። ሕይወት ዋጋ እንዳላት በአንዲት ቁልፍ ያሳየ ሌላ ጨዋታ አላውቅም።

ታይታንፎል ላይ ደግሞ መውጣት የሌላ ጨዋታ መጀመሪያ ነው። የሪስፖን ድርጅት ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው በ2014፣ ሁለተኛው በ2016 ወጣ። «ታይታን» የሚባለው ሜክህ ከሰማይ ይወርድልሃል፤ ትገባለህ፤ ሲፈርስ ወደ ላይ ተፈናጥረህ ትወጣና በእግርህ ግድግዳ ላይ እየሮጥክ ትዋጋለህ። በሁለተኛው ላይ የጠላት ታይታን ጀርባ ላይ ወጥተህ ባትሪውን መንቀል ትችላለህ። ያቺን ባትሪ ይዘህ ሮጠህ ለጓደኛህ ታይታን ትሰጠዋለህ፤ ጋሻው ይታደሳል። ከማላውቀው ሰው ባትሪ ተቀብዬ የተረፍኩበትን ቀን አልረሳም። ስትሸነፍም አላለቀም። የተሸነፈው ቡድን ወደ ማምለጫዋ አውሮፕላን ይሮጣል፤ የቻለ ይተርፋል። ብዙ ጊዜ ከድሉ ይልቅ ያቺ ሩጫ ናት የምትጣፍጠው።

የሚያሳዝነኝ እነዚህ ጨዋታዎች የሚዘጉበት መንገድ ነው። ክሮምሀውንድስ በ2006 ለኤክስቦክስ 360 ወጣ፤ ያው ፍሮምሶፍትዌር ነው የሠራው። እዚያ ከቡድንህ ጋር ለመነጋገር ሜዳው ላይ ያለውን የመገናኛ ማማ መያዝ ነበረብህ፤ ካልያዝክ ድምፅህ አይደርስም። ኔትወርክ ፍለጋ መስኮት ላይ የሚንጠላጠል ሰው ይህን ጨዋታ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በ2010 ሰርቨሩ ተዘጋ፤ ጦርነቱ እንዳለ ቀረ። ሀውከን የኮምፒውተር ሰርቨሩ በ2018 ተዘጋ። ጉንደም ኢቮሉሽን በ2022 ወጥቶ በ2023 መጨረሻ ተዘጋ። ታይታንፎል 2 በሁለት ግዙፍ ጨዋታዎች መካከል ወጣ፤ ባትልፊልድ 1 ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ኮል ኦፍ ዱቲ ከአንድ ሳምንት በኋላ። መሀል ላይ ገበያው ጠበበው። የመጀመሪያው ታይታንፎል ደግሞ ሰርቨሩ በአጥቂዎች ሲታመስ ቆይቶ በ2021 ከሽያጭ ወጣ።

ሰው «ገበያው ስላልፈለገው ነው» ይላል። አልቀበልም። ገበያው ያልፈለገውን ነገር ሰው በትርፍ ጊዜው አይሠራውም። በ2009 ክራይሲስ በሚባለው ጨዋታ ላይ ተመሥርተው ሜክዋሪየር ሊቪንግ ሌጀንድስን የሠሩት ተጫዋቾች ናቸው፤ ያለ ክፍያ፤ ዋናዎቹ ሠሪዎች ሲያቆሙም ሌሎች ተረከቡት። ታይታንፎል 2 በተመሰቃቀለበት በ2021 መጨረሻ ተጫዋቾች ኖርዝስታር የሚባል ሠርተው የራሳቸውን ሰርቨር ከፈቱ። እንዲህ የሚደረግለት ጨዋታ ጥቂት ነው። ሜክ ውስጥ ገብቶ አንድ ጊዜ ጓደኛ የቆመለት ሰው፣ ሰርቨር ስለተዘጋ ብቻ አይተውም።

ስለዚህ ለሠሪዎቹ አንድ ልመና አለኝ። ትርፍ ስታጡ ሰርቨሩን መዝጋት ትችላላችሁ፤ የራሳችንን እንድንከፍት የሚያስችለንን ፕሮግራም ግን ተዉልን። ለእናንተ የማይጠቅም ፋይል ነው፤ ለእኛ ሙሉ ጨዋታው ነው።

አንተም አንባቢዬ፣ ኮምፒውተር ካለህ ሜክዋሪየር ኦንላይን ስቲም ላይ በነፃ ይገኛል። ፋይሉ ትልቅ ነውና ያወረደ ጓደኛ ካለህ በሃርድ ዲስክ ገልብጠው። መጀመሪያ ላይ አትላስ አያጓጓህ፤ ሃምሳ ቶን ምረጥ፤ መደበኛውን ሞተር ግጠም፤ ከቡድንህ አትለይ። ሆትስፖት የምትጠቀም ከሆነ ጎረቤቶችህ በዚያ ሰዓት እንዳይደውሉልህ ንገራቸው። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እኛ አለን፤ ሁልጊዜም አንድ ሰው ይጎድለናል።